ከመዝገብ የጎደለው ጠርሙስ

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት 26 ዓመት ሠርቻለሁ። ጡረታ ብወጣም ልማዱ አልለቀቀኝም። በ2006 ዓ.ም. ስኳር እንዳለብኝ ሲነገረኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ባለ መስመር ደብተር መግዛት ነበር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የስኳሬ መጠን፣ የዋጥኩት ኪኒን፣ ሁሉም በየዓምዱ ይሰፍራል። ሐኪሜ ደብተሩን ባየ ቁጥር «እንደ እርስዎ ያለ ታካሚ ቢበዛልን» ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

በዚያ ደብተር ላይ ግን ስምንት ወር ሙሉ ያልሰፈረ አንድ ጠርሙስ ነበር።

ነገሩ ከእግሬ ይጀምራል። ማታ ማታ ጣቶቼን ይነዝረኛል፣ ጉንዳን የሚሄድባቸው ይመስለኛል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይደነዝዛሉ። ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው እግሬ ደነዘዘ ብሎ ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ በታየው ብርሃን ሰየሟት እንጂ፣ አንድ የኅዳር ሌሊት እዚህ ውጭ ቢያድሩ ኖሮ ለከተማችን ሌላ ስም ያወጡላት ነበር። ብርዱ ነው ብዬ ተውኩት።

አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ በስልክ ሳማርር ሰምታ «ጋሼ፣ የማዕድን እጥረት ነው» አለችኝ፤ ብዙም ሳይቆይ በሰው እጅ ጠርሙስ ላከችልኝ። ማግኒዚየም 400 ሚሊግራም፣ ዚንክ 25 ሚሊግራም፣ ክሮሚየም 200 ማይክሮግራም። ልጅቷ ያለ ምክንያት አልተናገረችም። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ማግኒዚየምም ከሽንት ጋር ይወጣል፤ በዚህ የተነሣ ብዙ የስኳር ሕሙማን ማግኒዚየም ያንሳቸዋል። በየቀጠሮዬ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብዬ ስጠየቅ ግን «የለም» እል ነበር። ውሸት አልመሰለኝም። ማዕድን ነዋ! አምቦ ውኃም ማዕድን አለው።

መጀመሪያ የታወከው ሆዴ ነው። የምወስደው የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚን ራሱ ሆድ ያላላል፤ በቀን 2,000 ሚሊግራም እየወሰድኩ ለዓመታት ተስማምተን ኖረን ነበር። ማግኒዚየምም እንዲሁ ነው፤ ለሆድ ድርቀት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ሲገናኙ የሆነውን ለማሳጠር፣ ከአንኮበር ለቅሶ ስመለስ ሚኒባሱን ሦስት ጊዜ አስቁሜያለሁ።

ከዚያ በታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም፣ አንድ ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስኳር የሚያወርደውን ሌላውን ኪኒኔን፣ ግሊቤንክላሚዴን፣ ዋጥኩ፤ ማዕድኑንም አስከተልኩ። እስከ 9 ሰዓት እህል ላልቀምስ ነው። 6 ሰዓት ሲሆን ላብ አጠመቀኝ፤ በደብረ ብርሃን፣ በታኅሣሥ! እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ባለቤቴ የምትለኝ አልገባኝ አለ። መለኪያው 54 አሳየ፤ ስኳሬ ከልክ በታች ወርዷል። «ጾሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብላ ሦስት ሙሉ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣችኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ 83 ሆነ።

በማግስቱ ጠርሙሱን እንደ ኮንትሮባንድ በጋቢዬ ሸፍኜ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ የልጄ እኩያ ናት። ጽሑፉን አንብባ «አባባ፣ ይህን ሐኪምዎ ያውቁታል?» አለችኝ። ዋናው ጥፋት ግሊቤንክላሚድ ውጦ ሳይበሉ መዋል እንደሆነ ነገረችኝ። ክሮሚየም የኢንሱሊንን ሥራ ሊያግዝ እንደሚችል፣ አንዳንድ የማግኒዚየም ዓይነቶችም ግሊቤንክላሚድ ቶሎ እንዲመጠጥ ሊያደርጉ እንደሚችሉ ጨመረችልኝ። ከዚያች 54 ውስጥ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ግን ማንም ሊያካፍለው አይችልም። እኔ እንደ ፍርድ ቤት ሰው አንድ ተከሳሽ ፈልጌ ነበር፤ ሦስት አቀረበችልኝ፣ አንደኛው ተከሳሽ ደግሞ እኔው ሆንኩ። ስለ ኩላሊቴም ጠየቀችኝ፤ ኩላሊት ከደከመ ትርፉ ማግኒዚየም መውጫ አጥቶ በደም ውስጥ ይጠራቀማል።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጠርሙሱን ካርዴ ላይ መዝግቦ «ሌላስ?» አለኝ። «አብሽ» አልኩ በቀስታ። ባለቤቴ ዘፍዝፋ በየጠዋቱ የምታጠጣኝ አብሽም ስኳር ያወርዳል። እርሱም ተመዘገበ። በመጨረሻ የእግሬን ነገር አነሣሁለት።

ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ከአንጀት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ቢ12 ሲያንስ ነርቭ ይጎዳል፤ እግርም ይነዝራል፣ ይደነዝዛል። የሚገኘው ደግሞ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ እኔ ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ ነቢያትን ሳላጓድል የምጾም ሰው ነኝ። ደሜ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ቢ12 እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ማታ መነጽሬን አድርጌ ጠርሙሱን ዙሪያውን አነበብኩት። ቢ12 የለበትም። ከየት ይመጣል? ማዕድን አይደለም!

አሁን የቢ12 መርፌ እየተወጋሁ ነው፤ ግሊቤንክላሚዱንም ከምግብ ጋር እንድወስድ ሐኪሙ ሰዓቱን አስተካክሎልኛል። ጠርሙሱ ቆሟል። ማግኒዚየም ካስፈለገኝ ተልባው፣ ባቄላውና ጎመኑ አለ፤ የጾም ገበታችን በዚህ በኩል አይታማም። መንዘሩ ከሦስት ወር በኋላ ቀለለኝ፤ የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ብቻ እስካሁን አልነቃችም።

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ደውላ «ጋሼ፣ ማዕድኑ አልቋል አይደል? ሌላ ልላክልዎት?» አለችኝ። ታሪኩን ከነሚኒባሱ አጫወትኳት። ዝም አለች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ከዚያ አዘነች። እንዳይከፋት ብዬ ወፍራም የሱፍ ካልሲ እንድትልክልኝ ነገርኳት። ቁጥሬ 43 ነው።