በ13.0 እና በ13.1 መካከል የጠፉ ሌሊቶቼ

የድሮ ኤፍፒጂኤ ቦርድ (ውስጡን በሶፍትዌር እንደፈለጋችሁት የምታዋቅሩት ቺፕ ያለበት) በእጃችሁ ካለ፣ ምንም ነገር ዳውንሎድ ከማድረጋችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። የመከሩኝም ቢሆኑ የተሳሳተ ነው የመከሩኝ።

ቦርዱን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ነው የላከልኝ። ሳይክሎን ቱ ቺፕ ያለባት፣ ኢፒ2ሲ5 የምትባለው ትንሿ ናት። 4,608 ሎጂክ ኤለመንት፣ ማለትም ሰርኪዩት የሚገነባባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ አላት። ለመመረቂያዬ የትራፊክ መብራት መቆጣጠሪያ ልሠራባት ስለነበር ተርፋኝ ትቀራለች።

ይህን ቺፕ ፕሮግራም ለማድረግ ኳርተስ የሚባል ሶፍትዌር ያስፈልጋል። የላብ ኃላፊያችን ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የትኛውን ኳርተስ ልጫን?»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «አዲሱን ነዋ! አዲሱ የድሮውን ይይዛል።»

አመንኳቸው። እስካሁን የሚያናድደኝም ማመኔ ነው።

ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው የተከራየሁት። በቀን የኢንተርኔቱን ዋጋ ስለማልችለው የሌሊት ጥቅል ገዛሁ። አዲሱ ኳርተስ ደግሞ ጊጋው አይጣል ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ዳውንሎዱ ከዜሮ ጀመረ። በሁለተኛው ሌሊት እኔ ራሴ እንቅልፍ ጣለኝ፣ ላፕቶፑም አብሮኝ ተኛ። በሦስተኛው ሌሊት ጨረስኩ። ጭኜ ስከፍተው ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የኪዳን ድምፅ ይሰማ ነበር።

የቺፕ ዝርዝሩን ገለጥኩ። ሳይክሎን ፎር አለ። ሳይክሎን ፋይቭ አለ። ማክስ 10 አለ። ሳይክሎን ቱ የለም። ከላይ እስከ ታች አራት ጊዜ አየሁት። የለም!

ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጄ ጋ ስሮጥ፣ «አንተ፣ ለሱ እኮ 13 ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ቤቴ ገብቼ ስፈልግ 13.0ም አለ፣ 13.1ም አለ። ያው አይደል? የሚበልጠውን ልውሰድ አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ተጨማሪ ሁለት ሌሊት ሄደ። 13.1ን ስከፍተው ሳይክሎን ስሪ ቁጭ ብሏል፣ ሳይክሎን ቱ ግን አሁንም የለም።

ሳይክሎን ቱን የሚይዘው የመጨረሻው ቨርዥን ኳርተስ ቱ 13.0 ሰርቪስ ፓክ 1 ነው። ከ13.1 አስወግደውታል። ማክስ 7000 የሚባሉት የድሮ ቺፖችም የቀሩት እዚያው 13.0 ላይ ነው። ይህን ቺፑን የሚሠራው ኩባንያ ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል። ለማንበብ አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ እኔ አምስት ሌሊት ከፈልኩበት። ጋሼን ብቻ መውቀስ አልችልም።

ስለዚህ «ሁልጊዜ አዲሱን ተጠቀሙ» የሚለውን ምክር ለድሮ ቺፕ እርሱት። መጀመሪያ ቺፑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ከዚያ እሱን የሚይዘውን የመጨረሻውን ቨርዥን ፈልጉ። ነፃውን፣ ዌብ ኤዲሽን የሚባለውን አውርዱ፣ ላይሰንስ አይጠይቅም። ዛይሊንክስ የሚባለውን የሌላ ኩባንያ ቺፕ ለያዛችሁም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አዲሱ ሶፍትዌራቸው ቪቫዶ፣ ስፓርታን 3 እና 6 የሚባሉትን የድሮ ቺፖች አያውቃቸውም፤ የእነሱ አይኤስኢ 14.7 የሚባለው የድሮ ሶፍትዌር ነው፣ የ2013 ሥራ። ለዊንዶውስ 10 ተብሎ የወጣው የ14.7 ቅጂ ግን ስፓርታን 6ን ብቻ ስለሚይዝ፣ ስፓርታን 3 ያላችሁ እንዳትሸወዱ።

የቀረው ቀላል ነበር። 13.0ን ጫንኩ፣ በአንድ ሌሊት አለቀ። ቦርዱን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን ዩኤስቢ ብላስተር ዊንዶውስ 11 አላውቀውም አለ። የዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚለውን መከላከያ ሳጠፋው ድራይቨሩ ገባ። ይህን አታጥፉ የሚሉ አሉ፤ እኔ ሥራዬን እስክጨርስ አጠፋዋለሁ፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ። ደግሞ በዚህች ቦርድ ላይ 26፣ 27፣ 80 እና 81 ቁጥር ፒኖችን (የቺፑን እግሮች) በዲዛይናችሁ አትጠቀሙ፤ ከኃይልና ከግራውንድ ጋር የተያያዙ ናቸው። የሥራውን ፍጥነት የሚመታው የ50 ሜጋኸርዝ ክሎክ ፒን 17 ላይ ነው።

ቀዩ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ተራ በተራ ሲበሩ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ አጨበጨብኩ።

ኢንስቶለሩን ፍላሽ ላይ ገልብጬ፣ በእስክሪብቶ «13.0፣ ነጥብ አንድ አይደለም!» ብዬ ጻፍኩበት። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ለሌላ ተማሪ ብለው ተዋሱኝ። እስካሁን አልመለሱልኝም።