ሳውንድ ካርዱን የመረጠው የአጎቴ መሰንቆ ነው

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ሙዚቃ መቅዳት ከጀመርኩ 8ኛ ወሬን ያዝኩ። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። እኔ ክራር እመታለሁ። አጎቴ ደግሞ መሰንቆ ይጫወታሉ፣ ያዜማሉም። ሁለታችንንም በአንድ ላፕቶፕ ልቅዳ ብዬ ሳውንድ ካርድ (የማይክና የመሣሪያ ድምጽ ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ዕቃ) ፍለጋ ገባሁ። ፍለጋው ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እናንተ ቶሎ እንድትሻገሩት የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

የጀመርኩት ላፕቶፑ ላይ ባለው ቀዳዳ ነው። የመዝፈኛ ማይክ ገዝቼ ሰካሁ። ዝም አለ። በኋላ እንደገባኝ የአሁን ላፕቶፖች ቀዳዳ የጆሮ ማዳመጫውንም ማይኩንም በአንድ ላይ የሚይዝ ነው። የሚፈልገው ጫፉ ላይ 3 የመለያ መስመር ያለው ጃክ ነው። የኔ አንድ መስመር ብቻ ነበረው። መለያያ ገመድ ገዛሁ። ድምጽ መጣ፣ ግን የሚሰማው ከሩቅ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ገብቼ የማይክ ቡስቱን እስከ 30 ዴሲቤል አወጣሁት። ክራሩ ጎላ። ሽሽሽ የሚለውም አብሮት ጎላ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያ ቀዳዳ የተሠራው በስልክ ጆሮ ማዳመጫ ላይ ላለችው ዓይነት ትንሽ ማይክ ነው። እሷ ውስጧ የራሷ ማጉያ አላት፤ ላፕቶፑም በዚያው ሽቦ ጥቂት ቮልት ይልክላታል። የመዝፈኛ ማይክ የሚያወጣው ግን በሚሊቮልት የሚቆጠር ጉልበት ነው። እሱን አጉልቶ ለማውጣት ደህና ማጉያ ይጠይቃል፤ ይህንን ማጉያ ነው ፕሪአምፕ የሚሉት። የላፕቶፑ ማጉያ አቅሙ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ የተቀመጠው ከፕሮሰሰሩና ከፋኑ ጎን ስለሆነ የነሱ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይገባበታል። ማውዙን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር በጆሮ ማዳመጫው ቀጭን ዚዝታ እሰማ ነበር።

ፈጣን ዘፈን ብቀዳ ምናልባት ላያስጨንቀኝ ይችል ነበር። እኔ ግን የምወደው ትዝታ ነው። ትዝታ አይቸኩልም። አንዱ ክር ተመትቶ ሌላው እስኪመታ ድረስ ዝምታ አለ፤ ዘፈኑ ግማሹ ያለው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ሽሽሽ ሲገባ ክራሩ ዝናብ ላይ የተቀዳ ይመስላል።

ላፕቶፑን የምትጠቀሙ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ። ድምጽ ያሻሽላል ተብሎ ከላፕቶፑ ጋር የሚመጣውን ማጣሪያ አጥፉት። የተሠራው ለንግግር ነው። ሳይቋረጥ የሚሄድ ድምጽ ሲሰማ ጫጫታ ይመስለውና ይቀንሰዋል። የአጎቴ መሰንቆ በረጅሙ እየተሳበች ሳለ በመሃል ስትከስም ማይኩ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቀን ስፈታታ ከረምኩ።

ቀጥሎ የሞከርኩት ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ አውራ ጣት የምታህል ሳውንድ ካርድ ነበረች። ዚዝታው ቀነሰ፣ ምክንያቱም ማጉያው ከላፕቶፑ ሆድ ወጥቷል። ማጉያው ግን ያው ደካማ ነው። ለኦንላይን ስብሰባ ትበቃለች። ለክራር አልሆነችኝም።

ዓይኔን የገለጠልኝ ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬ ነው። ፎከስራይት ስካርሌት ቱ አይ ቱ የሚባለው ካርድ አለው። አንድ ቅዳሜ ክራሬን ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ በሐረጎ ቁልቁለት ወረድኩ። (ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ሙቀቷ ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ ላይ ቃኝቼው የወጣሁት ክራር እዚያ ስደርስ ክሩ ላልቶ አገኘሁት። ይዛችሁ የምትጓዙ ከደረሳችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት አሳርፉትና ቃኙ።) ያንኑ የኔን ማይክ እሱ ካርድ ላይ ሰካነው። ማጉያውን ከፍ አደረገና ጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዝምታ ተሰማኝ። ጎረቤት ሴትዮ ቡና ሲወቅጡ ተሰማኝ። ማይኩ ድሮም ደህና ነበር ማለት ነው።

እዚያው ስለ መዘግየትም ገባኝ። ቤት ሆኜ መጀመሪያ ክራሩን እቀዳለሁ፣ ከዚያ እሱን እየሰማሁ በላዩ ዜማ አስገባለሁ። ታዲያ የራሴ ድምጽ ወደ ጆሮዬ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። ዜማው ይጠፋብኛል፤ ምቱን እየጠበቅኩ ስዘፍን ይባስ እጎተታለሁ። ጓደኛዬ በሒሳብ አስረዳኝ። ኮምፒውተር ድምጽን የሚቀበለው እየጠቀለለ ነው። ጥቅሉ በፈር ይባላል። ድምጹ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ (እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል) በሚቀዳበት ጊዜ 1,024 ናሙና የሚይዝ ጥቅል እስኪሞላ 23 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ሲገባ 23፣ ሲወጣ 23፣ በጠቅላላው 46። ድምጽ በዚህ ጊዜ ውስጥ አየር ላይ 16 ሜትር ያህል ይጓዛል። እኔ እንግዲህ ራሴን የምሰማው ግቢው ማዶ ቆሜ ነው። ጥቅሉ ወደ 128 ሲወርድ ደርሶ መልሱ 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ ያ 2 ሜትር ነው፣ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው እንደማለት።

ታዲያ ጥቅሉን ለምን ሁሌ ትንሽ አናደርገውም? የዊንዶውስ የተለመደ የድምጽ መንገድ አይችለውም፤ ቅጂው ጠቅ ጠቅ እያለ ይቆራረጣል። ለዚህ ነው አሲዮ የሚባለው ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከካርዱ ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ያለው። ስታይንበርግ በ1997 (በፈረንጆቹ) ያወጣው መንገድ ነው፤ የዊንዶውስን የድምጽ ማደባለቂያ አልፎ ቀጥታ ከካርዱ ጋር ይነጋገራል። አሲዮ ፎር ኦል የሚባል ነጻ ድራይቨርም አለ። ለትንሿ ካርዴ ሞክሬው ትንሽ ረድቶኛል፤ ግን አምራቹ ራሱ ለካርዱ የሠራውን ያህል አይሆንም። ስለዚህ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት አምራቹ ለናንተ ዊንዶውስ የሚሆን የራሱ አሲዮ ድራይቨር እንዳለው አጣሩ። ማክ ያላችሁ ይህ ጣጣ የለባችሁም፤ መንገዱ ከሲስተሙ ጋር ተሠርቶ ይመጣል።

ከዚህም የሚቀል መፍትሔ ካርዱ ላይ አለ። ዳይሬክት ሞኒተር የሚባል ቁልፍ ነው። እሱ ሲበራ ድምጻችሁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይዞር ከማይኩ ቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ይሄዳል። መዘግየት የሚባል ነገር የለም። ላፕቶፓችሁ እንደኔ ያረጀ ከሆነ ይህ ቁልፍ የሌለውን ካርድ አትግዙ።

ሁለቱን ካርዶች በአንድ ቀላል ፈተና አወዳደርኳቸው። ሜትሮኖም ከፈትኩ። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ማይኩ ላይ አስጠጋሁና ምቱን መልሼ ቀዳሁት። ከዚያ ምስሉን አጉልቼ በዋናው ምትና በተቀዳው መሃል ያለውን ክፍተት ቆጠርኩ። የጓደኛዬ ካርድ 540 ናሙና፣ ማለትም 12 ሚሊሰከንድ ገደማ። የኔ ትንሿ 2,900፣ ከ65 ሚሊሰከንድ በላይ። ለወራት ምት አልጠብቅም እያልኩ ራሴን ስወቅስ የኖርኩት በዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ልገዛ ያሰብኩት 1 የማይክና 1 የመሣሪያ ቀዳዳ ያለውን ነበር። ዋጋው ቀለል ይላል። ማይኩ ለድምጼ፣ ሌላው ለክራሬ። በቃኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ አጎቴ መጡ። ትንሿን ካርድ ሰክቼ አንድ ማይክ በአፋቸውና በመሰንቋቸው መሃል አቆምኩ። ወደ አፋቸው ሳስጠጋው መሰንቆው ይጠፋል። ዝቅ ሳደርገው ቃላቸው ይርቃል። በመጨረሻ፣

«አጎቴ፣ መጀመሪያ መሰንቆውን ብቻ ይጫወቱልኝ። ዜማውን በኋላ ለብቻው እንቀዳለን» አልኳቸው።

«አብሽር፣ እንሞክረው» አሉ። መሰንቆው ደህና ሄደ። ዜማው ላይ ሲደርሱ መሰንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው፣ የጆሮ ማዳመጫውን አድርገው ጀመሩ። ሁለት ስንኝ ብለው ቆሙ። እጃቸውን አየሁት። ቀኝ እጃቸው ባዶውን እየሳበ ነው፤ ደጋኑ የለም።

«ልጄ፣ እጄ ካልሳበ ቃሉ አይመጣልኝም» አሉኝ።

እኔ ስለ ካርድ ሳነብ የነበረው ሁሉ ጊታር ለብቻ፣ ድምጽ ለብቻ ለሚቀዳ ሰው የተጻፈ ነበር። መሰንቆ እንደዚያ አይደለም። ቃሉና ደጋኑ አንድ ትንፋሽ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ 2 ማይክ የሚቀበል ካርድ የግድ ሆነብኝ፤ የመጀመሪያው እቅዴ እዚያው ተሰረዘ። እናንተም ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ማይኩ ፊት ማን እንደሚቀመጥ፣ ስንት ነገር በአንዴ እንደሚያሰማ አስቡ።

የተቀሩት መስፈርቶች ከዚያ በኋላ ቶሎ ተሰለፉ።

ክራሬ ላይ የምለጥፋት፣ የእንጨቱን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይር ፒዬዞ ፒካፕ አለችኝ። እሷን ተራ ላይን ቀዳዳ ላይ ብትሰኳት ቤዙ ይጠፋና ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ድምጽ ይወጣል። ለጊታር የተባለውን፣ ብዙውን ጊዜ ኢንስት የሚል ቁልፍ ያለውን ቀዳዳ ትፈልጋለች፤ የመግቢያው ኢምፒዳንስ (ለሚገባው ኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 1 ሜጋኦም አካባቢ የሆነ።

መብራት ደግሞ አለ። ደሴ ላይ የምትቀዱ ይገባችኋል። ከዩኤስቢው ብቻ ኃይል የሚወስድ ካርድ ከሆነ መብራት ቢጠፋም በላፕቶፑ ባትሪ ሥራው ይቀጥላል። ብዙ ማይክ የሚያስገቡት ትልልቆቹ አብዛኞቹ የራሳቸው አዳፕተር ይፈልጋሉ። እንዲያውም እኔ አሁን የምቀዳው ሆን ብዬ ቻርጀሩን ነቅዬ ነው። ፒካፗን ስሰካ እምምም የሚል ዝቅ ያለ ድምጽ ነበር፤ የግድግዳው መብራት የ50 ኸርዝ ድምጽ ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ጸጥ አለ። ካርዱን የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት፣ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሁን። ዩኤስቢ 2 ራሱ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ እሱን ከማውዝና ከፍላሽ ጋር ከተካፈለ 48 ቮልት የሚፈልግ ኮንደንሰር ማይክ ላይ ይንገዳገዳል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ ስለሚጻፈው 192 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 192 ሺህ ናሙና ማለት ነው) ብዙ አትጨነቁ። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው የሚሰማው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው የናሙና ብዛት ከእጥፉ ትንሽ በለጥ ያለ ስለሆነ 44.1 ይሸፍነዋል። በ24 ቢት (ቢቱ እያንዳንዱ ናሙና በምን ያህል ዝርዝር እንደሚለካ ነው) አንድ ትራክ በ44.1 ሲቀዳ በደቂቃ 8 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በ192 ግን ወደ 35 ይደርሳል። ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ይህ ሸክም ነው። 24 ቢቱ ግን ይጠቅማል። ከፍተኛው ምት ከዜሮው (ቅጂው ሊይዝ ከሚችለው የመጨረሻ ልክ) በ12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲሄድ አድርጌ እቀዳለሁ። አጎቴ ድንገት ድምጻቸውን ሲያነሱ አይሰነጠቅም፤ በኋላ ሳጎላውም ሽሽታ አይወጣም።

በመጨረሻ የገዛሁት ቤሪንገር ዩኤምሲ 202ኤችዲ ነው። ያገለገለ ነው፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከልኝ። ዋጋውን የማልጽፈው በየወሩ ስለሚቀያየር ነው። ያገለገለ የምትገዙ እያንዳንዱን ማዞሪያ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ከተንኳኳ አቧራ ገብቶበታል። ጃኩ ተሰክቶ ሲነካ የሚቋረጥ ከሆነ ተዉት። 48 ቮልቱንም በኮንደንሰር ማይክ ሳትፈትሹ አትክፈሉ። የኔ አንዱ ማዞሪያ ትንሽ ይንኳኳል፤ ተስማምተን ዋጋ ተቀነሰልኝ።

የመጀመሪያውን ምሽት ከአጎቴ ጋር ቀዳን። አንዱን ማይክ ከመሰንቆው ቆዳ በአንድ ስንዝር፣ ሌላውን ከአፋቸው በአንድ ስንዝር። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ በሩ ላይ ጋቢ። ሰዓቱ ከምሽቱ 4 አለፍ ብሎ ባጃጁ ሲረግፍ። ጀመሩና ወዲያው የጆሮ ማዳመጫውን አወለቁ። «በግራ ጆሮዬ መሰንቆው፣ በቀኝ ጆሮዬ እኔ። ሁለት ሰው ሆንኩ እኮ!» አሉ። 2ቱ ማይኮች በግራና በቀኝ ተከፍለው ነው የሚሰሙት። አንዳንድ ካርድ ይህን ወደ አንድ የሚያመጣ ቁልፍ አለው፤ ስትመርጡ እዩት። እኔ ለጊዜው ዳይሬክቱን አጥፍቼ በፈሩን 128 አደረግኩና ሪፐር በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም በኩል ሁለቱንም መሃል አመጣሁላቸው። መልሰው አደረጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አምባሰል ገቡ። 11 ደቂቃ ሳይቆሙ።

አሁን 6 ዜማቸው በእጄ ነው። ክረምቱ ስለገባ ቆርቆሮው ላይ ያለው ዝናብ ሥራ አስፈትቶኛል፤ የቀሩትን ኮምቦልቻ ጓደኛዬ ቤት ልንቀዳ ነው፣ እሱ ጣሪያው ሲሚንቶ ነው። እዚያ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ አለ። ባለፈው ስሞክረው ትንፋሹ ማይኩን እየመታ ፉፉ ይላል፤ ወደ ጎን ባዞረውም፣ ባርቀውም አልጠፋም። ዋሽንት የቀዳችሁ ካላችሁ ማይኩን የት ነው ያቆማችሁት?