በርበሬ፣ በሶና ቡላ

ሽሮ የሞተችው ጥር ላይ ነው። አምስት ዓመት አብራን ኖራለች። ስም ያወጣችው ልጄ ናት። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የአንዷ ፀጉር የሽሮ ዱቄት፣ የሌላዋ በርበሬ ይመስላል ብላ። ሽሮ ስትሞት በርበሬ ብቻዋን ቀረች።

የማወራው ስለ ጊኒ ፒግ ነው፤ ቤት ውስጥ የምትኖር ትንሽ ፀጉራም እንስሳ። እዚህ ዙሪክ ልጆቹ «ሜርሶይሊ» ይሏቸዋል፤ «ትንሽ የባሕር አሳማ» እንደ ማለት ነው። ይህን ስም ለእናቴ በስልክ መተርጎም አልነበረብኝም።

«አሳማ? ከልጅቱ ጋር? ቤት ውስጥ?»

«እማዬ፣ አሳማ አይደለችም። ባሕርም አይታ አታውቅም። ጭራ የሌላት ትንሽ ጥንቸል በያት።»

አገራቸው የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ እንደሆነ፣ ፔሩ ውስጥ ደግሞ ጠብሰው እንደሚበሏቸው ስነግራት «በስመ አብ!» ብላ ወሬ ቀየረች።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ጊኒ ፒግን ብቻዋን ማኖር ክልክል ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ እንዲህ ያሉ በቡድን የሚኖሩ እንስሳት ቢያንስ ጥንድ ሆነው እንዲኖሩ ያዛል። ደንቡ ባይኖርም በርበሬን ማየት ይበቃ ነበር። ፍሪጅ በተከፈተ ቁጥር ቤቱን በፉጨት የምታደበላልቀው ዝም አለች። ጥግ ይዛ ትውላለች።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። አንድ ትንሽ ብናመጣላት፣ ነገ በርበሬ ስትሞት ትንሿ ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ እንደገና ሌላ። እንደ ዕቁብ በየተራ ሊሆን ነው። ስለዚህ የስድስት ሳምንት ሁለት እህትማማቾች አመጣን። ትንንሾች ሁለት ከሆኑ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይፈነጥዛሉ እንጂ አሮጊቷን ቀኑን ሙሉ አያዝሏትም። ልጄ ነጣ ያለችውን ቡላ፣ ሌላዋን በሶ አለቻቸው። ቤታችን ጓዳ መሰለ።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። ሁለቱም ሴት መሆናቸውን ከሻጭ አፍ ብቻ ማመን አይቻልም። አንድ የማውቀው ሰው «ሁለቱም ሴት ናቸው» ተብሎ ገዝቶ፣ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ሲነሣ አምስት ሆነው አገኛቸው። ወንዱ ገና በሦስት ሳምንቱ ማስረገዝ ይችላል። ሲወለዱም ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ነው፤ ወዲያው ይሮጣሉ። ሐኪሟ ገልብጣ አየቻቸውና ሁለቱም ሴት ናቸው አለች። ተመስገን።

በዚያው ግን የበሶ ጀርባ ላይ እከክ አገኘች፤ ከቆዳ ሥር የሚገባ ተባይ ነው። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ ጠብታ ተደረገላቸው። ለሁለት ሳምንት ለብቻቸው ሌላ ክፍል እናቆያቸዋለን ያልነው አራት ሳምንት ሆነ። ድርቆሻቸው ለብቻ፣ የውኃ ጠርሙሳቸው ለብቻ። እነሱን ነክተን ወደ በርበሬ ስንሄድ እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን። ያንን ባናደርግ ኖሮ እከኩ ቀጥታ ወደ በርበሬ ነበር የሚሄደው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። አዲስ ዶሮ ከገበያ ስትመጣ እናቴ ቀን ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅላትም። ማታ ሲጨልም ቆጡ ላይ ታወጣታለች። ሲነጋ ሁሉም ድሮም አብረው ያደሩ ይመስላቸዋል። እኔም ከሥራ አምሽቼ ስመለስ ይኸው ትዝ አለኝ። አራት ሳምንት መጠበቁም ሰልችቶኝ ነበር። መብራት አጥፍቼ ሁለቱን ትንንሾች በርበሬ ቤት ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

ጊኒ ፒግ ዶሮ አይደለችም። ሲጨልም ዓይኗ አይታወርም፤ ሌሊትም ቀንም እያሸለበች፣ እየተነሣች ትበላለች። ጓደኛዋንም የምትለየው በጠረን ነው። በርበሬ ጥርሷን ማንገጫገጭ ጀመረች። ድምፁ የጽሕፈት መኪና ይመስላል። ከዚያ ቡላን አባረረቻት። ቡላ ሸሽታ የገባችው እኔ ራሴ በሠራኋት የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ቤቷ አንድ በር ብቻ ነበራት። በርበሬ በሩ ላይ ቆመች፤ መውጫ የለም። ጆሮዋን ነክሳ አደማቻት። እጄን ሰድጄ ላገላግል ስል የእኔም ጣት ደማ። በኋላ ሐኪሟ ስቃ «ፎጣ ነው የሚወረወርባቸው፤ በባዶ እጅ ማን ይገባል?» አለችኝ።

በርበሬን ክፉ አልላትም። የሽቦ ቤቷ ያኔ አንድ ሜትር በሃምሳ ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ግማሽ ካሬ ሜትር። በሌሊት ሰው መኝታ ቤቴ ገብቶ አልጋዬ ላይ ቢወጣ እኔም ጥርሴን አንገጫግጫለሁ።

የቡላ ጆሮ እስኪድን ጠብቀን ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ የማንም ቤት ያልሆነ ቦታ መረጥን፤ ሳሎን። ሶፋውን ገፍተን፣ አሮጌ አንሶላ አነጠፍን፣ ዙሪያውን በሽቦ አጠርነው። ድርቆሹን ሦስት ቦታ ከመርነው፤ አንዷ አንዱን ክምር ብትቆጣጠር ሌሎቹ ጾም እንዳያድሩ። ውኃ ሁለት ቦታ። የሙዝ ካርቶን እየቀደድን መደበቂያ ሠራን፤ ሁሉም ሁለት ሁለት በር አላቸው። የፈረንጅ ቃሪያ ከትፈን በየቦታው በተንን። ቃሪያውን የምንሰጠው እንዲያው ለማባበል ብቻ አይደለም። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ በሰውነታቸው መሥራት አይችሉም፤ ከምግብ ካላገኙት ይታመማሉ።

ባለቤቴ የቅዳሜ ቡናዋን ወደ ማእድ ቤት አዛወረች። ዕጣኑም የቡናው ጭስም ለሳንባቸው አይሆንም። ቅር ብሏት ነበር፤ ሲኒዬን ሳሎን ድረስ ብታመጣልኝም አልተናገረችኝም።

እኔ ፎጣ ጭኔ ላይ አድርጌ መሬት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ማነፍነፍ፣ መሸታተት ነበር። ቀጥሎ በርበሬ ዳሌዋን እያወዛወዘች አጉረመረመች፤ ልጄ «እስክስታ በዳሌ» አለችው። ላያቸው ላይ ወጣች። ሴት ብትሆንም ታደርገዋለች፤ እኔ ነኝ አለቃ ማለቷ ነው። ትንንሾቹ ጮኹ፣ ሸሹ፣ ተመልሰው መጡ። ልጄ «አባዬ፣ አስቁማት!» ትላለች። አላስቆምኩም። መጮህ፣ ማባረር፣ ፀጉር መንጨት ሥርዓታቸው ነው። ፎጣውን የምናነሣው ሁለቱ ተያይዘው ሲንከባለሉ ወይም ደም ሲታይ ነው። በየደቂቃው ብንለያያቸው አለቃዋ ማን እንደሆነች ሳይወሰን እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ቆይቶ በሶ ሹልክ ብላ ሄዳ ከበርበሬ አፍ ላይ የቃሪያ ቁራጭ ነጠቀች። ትንፋሼን ያዝኩ። በርበሬ አየቻትና ሌላ ቁራጭ አነሣች።

ሁለት ሌሊት እዚያው አደሩ፤ እኔም ሶፋው ላይ። እስከዚያ የድሮውን ሽቦ ቤት በአቼቶና በውኃ አጥበን ጠረኑን አጠፋን። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር አድርገን አስፋነው። ሳሎናችን ጠበበ። ወለሉ ከሥር ፎጣ፣ ከላይ የፍሊስ ብርድ ልብስ ነው። የሽቦ ወለል እግራቸውን ያቆስላል፤ የጥድ ሰጋቱራም ጠረኑ ይጎዳቸዋል። እሑድ እሑድ በማእድ ቤት ሚዛን እንመዝናቸዋለን። ትንንሾቹ ይጨምራሉ። በርበሬ የወረደችውን መልሳለች።

ትናንት ልጄ የእንጨት ቤቷ ትመለስ አለች። የልደት ስጦታዋ ናት። እኔም ነገሩ በርዷል ብዬ አስገባኋት። ማታ ስመለስ ቡላ ውስጥ ተጋድማለች፤ በርበሬ ደጅ ቆማ ጥርሷን ታንገጫግጫለች። ቡላን አውጥቼ ቤቷን ወደ በረንዳ ወሰድኳትና መጋዝ ፈልጌ በጀርባዋ ሁለተኛ በር ከፈትኩላት።