ዳንቴልና ካሴት

በርበሬ ሲቀነጠስ ትዝታ አይከፈትም። የቤቴ ሕግ ነው። ትዝታ እጅ ያስቆማል። ሰው አንድ ዛላ ይዞ መስኮት መስኮቱን ማየት ይጀምርና ጆንያው ሳይጎድል ይመሻል። ለበርበሬ የሚሆነው ጉራግኛ ነው። ምቱ ፈጣን ነው፣ አያስተክዝም፣ ሊያግዝ የመጣ ጎረቤት ካለም እሱንም ይዞት ይሄዳል።

እኔ ሙዚቃ የምመርጠው በያዝኩት ሥራ ነው። ዛሬ ምን ይሰማኛል ብዬ አልጠይቅም። እጄ ላይ ምን አለ ብዬ ነው የምጠይቀው። ስለዚህ ካሴቶቼን በዘፋኝ ስም መደርደር ከተውኩ ቆይቻለሁ። የላይኛው መደርደሪያ የካውያ ነው። መካከለኛው የወጥ ቤት ነው። ለወንበሬ የሚቀርበው የታችኛው ደግሞ የዳንቴል ነው። ጥላሁን ገሠሠ ሦስቱም ላይ አለ፤ እሱን ለአንድ ሥራ ብቻ መስጠት አይቻልም።

ለካውያ ከዓለማየሁ እሸቴ የሚሻል አላገኘሁም። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ አንድ ላይ ሲገቡ ክንድ ራሱ ወደፊት ይሄዳል። ዘፈኖቹም አጫጭር ናቸው፤ አንድ ሸሚዝ በአንድ ዘፈን ያልቃል። ያ ማጠራቸው ከሸክላው የመጣ ነው። ትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ፊቷ ከአራት አምስት ደቂቃ ብዙም አትይዝም።

የእነዚያን ሸክላዎች ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። አዲሱን የወጣቶች ዘፈን ግን የሚያሳትመው አልነበረም። አምሀ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት በ1969 እ.ኤ.አ. ክልከላውን ጥሶ የዓለማየሁን ዘፈን ሕንድ አሳትሞ አመጣ። አልታሰረም። ሸክላውም ተሸጠ። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አውጥቷል። ያ ሰው ባይደፍር ኖሮ ያ ዘመን አብዛኛው በምሽት ክበብ ተዘፍኖ፣ ሲነጋ ይጠፋ ነበር። ሸሚዝ እየተኮስኩ ይሄን አስባለሁ። እንዲህ ያለ ድፍረት በደንብ አይወራለትም።

ወጥ ቤቱ በፈረንጆቹ የ1980ዎቹ ነው። ከኤፍሬም ታምሩ እስከ ንዋይ ደበበ፣ ዘፋኙ ቢለያይም ከኋላ የሚጫወተው ብዙ ጊዜ ሮሃ ባንድ ነው። ጊታሩ የሰላም ሥዩም፣ ቤዝ ጊታሩ የጆቫኒ ሪኮ። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ውኃ ሲፈስ፣ ክዳን ሲንኳኳ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይዋጣል። ቤዙ ግን አይዋጥም። ስለዚህ ጆቫኒ ሪኮን ያወቅሁት ምድጃ ዳር ነው። ዘፋኙ የሚለው ሳይሰማኝ፣ ቤዙን ብቻ ተከትዬ የትኛው ዘፈን የትኛው ስንኝ ላይ እንደደረስን አውቃለሁ። ኋላ ቁጭ ብዬ ያንኑ ዘፈን ስሰማው ከሥር ሌላ ዜማ ሲሄድ አገኛለሁ። ድሮ አዲስ ካሴት የሚወጣው ለበዓል ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለፋሲካ። ብዙዎቹ ካሴቶቼ መጀመሪያ የተሰሙት ዶሮ እየተገነጠለ ነው። እዚያው ወጥ ቤት ቢቀሩ ተገቢ ነው።

ምስር መልቀም ሌላ ነው። ዓይን ትሪው ላይ ተተክሎ ጣት ጠጠር ይፈልጋል። ግጥም እዚህ አያስፈልግም፤ ሐሳብ ይሻማል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ነው የምከፍተው። ኢትዮፒክስ በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲዎች ተከታታይ በ2006 እ.ኤ.አ. 21ኛ ሆኖ የወጣው ሲዲ አለኝ። እማሆይ ሲጫወቱ ጣታቸው ለማንም አይቸኩልም። ቆም ይላሉ፣ ይመለሳሉ፣ አንዱን ሐረግ ደግመው ይዳስሱታል። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፤ ከዚያ የአገራቸውን ዜማ ይዘው ገዳም ገቡ። በ2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ የዓለም ጋዜጦች ጻፉላቸው። እኔ ደግሞ ምስር በለቀምኩ ቁጥር እወዳቸዋለሁ።

ዳንቴሉ ላይ ስደርስ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሙዚቃ በእውነት የምሰማው ያኔ ነው።

ኪሮሽ ይዤ ስቀመጥ ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል። ክሩ ከግራ ጣቴ ዞሮ መጥቷል፣ መርፌው ቀኝ እጄ ላይ ነው፣ ቁጥር እየቆጠርኩ ነው። ዘፈን ለማለፍ ብነሳ ቁጥሩ ይጠፋል። ስለዚህ የገባው ካሴት እስከ መጨረሻው ይሰማል። ቴፑ ጠቅ ብሎ እስኪቆም አልነሳም። ሲቆም ተነስቼ ወገቤን አፍታታለሁ፣ ዓይኔን ከክሩ ላይ አነሳለሁ፣ ካሴቱን ገልብጬ እቀመጣለሁ። ሰላሳ ደቂቃ ለአንድ ሳይድ ለዓይንም ለወገብም ልክ ናት።

የወንድሜ ልጅ አንድ ቀን እንዲህ ተቀምጬ አገኘኝ።

«እቴቴ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ዩቲዩብ ላይ አለ» አለኝ።

«አለ የኔ ጌታ። እኔም እሰማበታለሁ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ሳጥን ለምን ታስቀምጪዋለሽ?»

ሳይድ ቢን ጀመርኩለትና አጠገቤ አስቀመጥኩት። ሳይድ ቢ ላይ አራተኛውን ዘፈን ማንም አይመርጠውም። በሬዲዮ አይሰማም፣ ሠርግ ላይ አይጠየቅም። ካሴቱን ሊሸጥ የሚችለው ዘፈን ሳይድ ኤ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። ወደ መጨረሻው ያለው ግን ብዙ ጊዜ ዘፋኙ ለራሱ የዘፈነው ይመስለኛል። ቅኝቱ ባቲ ይሆናል፣ አምባሰል ይሆናል፤ ቀስ ያለ፣ ሳክስፎኑ ዝም ብሎ ብቻውን የሚቆዝምበት። እንደዚህ ያሉ ዘፈኖችን በምርጫ አላገኘኋቸውም። እጄ ስለተያዘ ነው የደረሱልኝ። መጀመሪያ እስኪያልፉ እጠብቃቸው የነበሩት አሁን የምጠብቃቸው ሆነዋል። ስልክ ላይ ጣት ነፃ ነው፤ በአስር ሴኮንድ ይፈርዳል። ለእንደዚያ ዓይነት ዘፈን አስር ሴኮንድ አይበቃውም።

ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቴፔ በድንጋይ ይሠራል። ይሄም ቀላል ነገር አይደለም።

የዳንቴሉን መደርደሪያ የሚመራው ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. ብቻውን ሆኖ የድሮ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ። እሱ ግን ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ሥራ ባሕር ዳር አገኘው። በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። አንድ ሰው ካሴቱን ሳይጥል ስላቆየው ነው ይሄ ሁሉ የሆነው። ያንን አኮርዲዮን ስሰማ የዳንቴሉ አበባ ራሱ ከእጄ ይወጣል።

ሁዳዴ ሲገባ ግን አኮርዲዮኑም ያርፋል። ሃምሳ አምስቱን ቀን የዳንቴሉ መደርደሪያ የበገና ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩት የዓለሙ አጋ ድምፅ አለኝ። አሥሩ አውታር ሥር ሥሩ የሚገባችው ትንሽ ቆዳ ያን የሚነዝር ድምፅ ትሰጠዋለች፤ በጥሩ ቴፕ ሲሰማ ወንበሩ ላይ ሳይቀር ይሰማል። ያኔ ቀላል ሥራ ነው የምይዘው። ሰንሰለት ብቻ። ቁጥር የሚፈልግ አበባ ከበገና ጋር አይሄድም።

ዘንድሮ ትልቁ ሥራዬ ካሴቶቹን ወደ ላፕቶፕ መገልበጥ ነው። የካሴት ክር ያረጃል። የ90 ደቂቃው በተለይ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይጠመዘዛል። በፊት ግን ቴፑ ራሱ መታከም ነበረበት፤ ጥላሁን እንደ ጎርናና ሽማግሌ መዝፈን ጀምሮ ነበር። መርካቶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ይሆን?»

ክዳኑን ከፍተው በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ሞተሩ ጤነኛ ነው ልጄ። ላስቲኩ ነው የላላው። ክሩን የሚያነበውን ሄድ ደግሞ በአልኮልና በጥጥ ጥረጊው፣ ከሱ ነው ድምፁ የሚታፈነው።»

ላስቲኩ ሲቀየር ጥላሁን ወደ ዕድሜው ተመለሰ።

አሁን ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ ገመድ ዘርግቼ ኦዳሲቲ በሚባል ነፃ ፕሮግራም እቀዳለሁ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ማቻኮል የለም። ያን ሰዓት ዳንቴሌን ይዤ ስለምቀመጥ ሥራው ሥራ አይመስለኝም። ፋይሉ ሳይጨመቅ ለአንድ ሰዓት ከ600 ሜጋባይት በላይ ይወጣዋል። ፍላክ ወደሚባል የፋይል ዓይነት ቀይሬ ሳስቀምጠው ያንሳል፣ ድምፁም አይጎድልም። ኤምፒስሪ ለፍላሽ ብቻ ነው። ኦዳሲቲ የክሩን ሹሽታ የሚያጠፋ መሣሪያ አለው፤ እኔ ግን አልነካውም። በአንድ የአስናቀች ወርቁ ካሴት ላይ ሞክሬው ነበር። ሹሽታው ሲሄድ ክራሩ ላይ ያለው የጥፍር ድምፅ አብሮ ሄደ። አስናቀች ያለዚያ ጥፍር አስናቀች አይደለችም።

ባለፈው ሳምንት ተራው የደረሰው አንድ ስም ያልተጻፈበት ካሴት ነበር። እናቴ ካሴቱ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለቱን የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብራ ነው ያስቀመጠችው፤ ማንም እላዩ ላይ እንዳይቀዳበት። ሳይድ ኤ የካሳ ተሰማ ክራር ነው። ሳይድ ቢ ላይ ዘፈን የለም። ሮም ትሠራ የነበረችው አክስቴ ናት። ያኔ ስልክ ውድ ነበር፣ ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ ይልክ ነበር። የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ሰላም ትላለች። የእኔን ስም ስትጠራ «አድጋ ይሆናል» ትላለች። ከኋላዋ የአሠሪዎቿ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። ኪሮሹን አስቀመጥኩት። ቁጥሬ ጠፋ፤ ቢጠፋም ግድ አልሰጠኝም።

ማታውኑ ደወልኩላት። አሁን ኮተቤ ነው የምትኖረው።

«እትዬ፣ ድምፅሽን አገኘሁት። የሮሙን።»

ትንሽ ዝም አለች። «እሱ ካሴት አለ እንዴ? ካሳ ተሰማ የነበረበት?»

«አዎ፣ እሱ።»

«እሱን እኮ አብራኝ ከምትሠራ ልጅ ለምኜ ነው ያስቀዳሁት። እናትሽ ክራር ትወዳለች ብዬ። ለራሴ ሳላስቀር ላኩት። ደብዳቤውን ተዪው፣ የተናገርኩትን አውቀዋለሁ። ካሳን ላኪልኝ።»

ቅዳሜ ፍላሹን ይዤላት እሄዳለሁ። ሁለቱንም ሳይድ ጭኜበታለሁ።