ጃክ፣ ኩዊንና ኪንግ፦ ክሪቤጅ መቁጠር እንዴት ተማርኩ

ኮንከር እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት። ካርታ ይዤ ግራ ይገባኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አጎቴ ከካናዳ ለእረፍት ሐዋሳ ሲመጡ ግን ክሪቤጅ የሚባል ጨዋታ ይዘው መጡ፤ በቀዳዳ ከተሞላ የእንጨት ሰሌዳ ጋር። ነጥብ የሚያዘው ትንንሽ እንጨት ቀዳዳው ላይ እየሰኩ ወደፊት በመሄድ ነው። ቀድሞ 121 የደረሰ ያሸንፋል። ከእንጨቶቹ ሁለቱ መንገድ ላይ ስለጠፉ በስቴኪኒ ተካናቸው።

መጀመሪያ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ካርታውን እያነሳ ሲያስቸግረን ሳሎን ገባን።

ለሁለት ስትጫወቱ ለእያንዳንዳችሁ 6 ካርታ ይታደላል። ሁለት ሁለት ትጥላላችሁ። የተጣሉት አራቱ ክሪብ ይባላሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚቆጠሩት ለአዳዩ ነው። ከዚያ ከቀረው ካርታ አንድ ይገለጣል። እሱ ቆጠራ ላይ የጋራ ነው። የተገለጠው ራሱ ጃክ ከሆነ አዳዩ እዚያው ሁለት ነጥብ ያገኛል።

ጃክም፣ ኩዊንም፣ ኪንግም 10 ይቆጠራሉ። ቀላል መሰለኝ። የመጀመሪያው ማታ እጄ ላይ 5፣ የልብ ጃክ፣ ኩዊንና ኪንግ ገቡ። የተገለጠው የልብ 6 ነው። 15 የሞላ ሁሉ ሁለት ነጥብ ስላለው መቁጠር ጀመርኩ። 5 ከጃክ ጋር፣ ሁለት። ከኩዊን ጋር፣ አራት። ከኪንግ ጋር፣ ስድስት። ደስ ብሎኝ ሰካሁ።

«ጨረስክ?» አሉኝ አጎቴ።

«አዎ፣ ጨረስኩ።»

ምንም ሳይሉ የራሳቸውን እንጨት አራት ቀዳዳ ወደፊት ወሰዱት። ለካ እሳቸው የሚጫወቱት አንዱ ሳይቆጥር ያለፈውን ሌላው በሚወስድበት ሕግ ነው።

«አየህ፣» አሉኝ ሦስቱን ጎን ለጎን እየደረደሩ፣ «ሲደመሩ ሁሉም 10 ናቸው። ሲሰለፉ ግን ጃክ ጃክ ነው፣ ኪንግም ኪንግ ነው።»

ሦስቱ ተከታታይ ስለሆኑ ሦስት ነጥብ አላቸው። እጄ ላይ ያለው ጃክ ደግሞ ከተገለጠው ካርታ ጋር ሁለቱም ልብ ስለሆኑ አንድ ነጥብ ይጨምራል። በአጠቃላይ 10 ነበረኝ።

በማግስቱ በተቃራኒው ተሳሳትኩ። ኪንግና ኩዊን ሁለቱም 10 ናቸው ብዬ እንደ ጥንድ ቆጠርኳቸው። ጥንድ የሚሆነው ኪንግ ከኪንግ ጋር ብቻ ነው። ኪንግ ላይ ኤስ ቀጥዬም ተከታታይ አልኩ። እዚህ ኤስ ሁልጊዜ 1 ነው፤ ከኪንግ በኋላ አይመጣም።

ያዳነኝ ቅደም ተከተል መያዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ቡናው እስኪፈላ አምስት ካርታ እዘረጋና ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ 15፣ ቀጥሎ ጥንድ፣ ቀጥሎ ተከታታይ፣ መጨረሻ ጃኩ። ሳምንት ሳይሞላ እጄ ለመደ።

ስለ 5 ግን በደንብ ልናገር፣ ብዙ ያስከፈለችኝ እሷ ናት። ከ52ቱ ካርታ 10 የሚቆጠሩት 16 ናቸው፤ አራቱ 10ሮችና አሥራ ሁለቱ ባለ ሥዕሎች። ስለዚህ የተቃራኒዬ ክሪብ ውስጥ 5 አልጥልም። ከቆጠራው በፊት ካርታ በየተራ እያወረድን ስንደምርም በ5 አልከፍትም። ከከፈትኩ አጎቴ ባለ ሥዕል ያወርዱና 15 ብለው ሁለት ነጥብ ይወስዳሉ። ካርታ ስናወርድ ድምሩ ከ31 ማለፍ አይችልም። አንድ ቀን ኪንግ አወረዱ፣ ኪንግ ደገምኩ፣ ሦስተኛውን ኪንግ እሳቸው ጨመሩ። 30! ለሦስቱ ስድስት ነጥብ ወሰዱ። አራተኛው ኪንግ እኔ ጋ ነበር፣ ግን 40 ስለሚሆን ማውረድ አልቻልኩም።

ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው እኔ 119፣ እሳቸው 117 ላይ ደረስን። አዳዩ እኔ ነኝ። ሁለት ሁለት ጣልን። አጎቴ ካርታውን ከፈል አደረጉ፣ እኔ ገለጥኩ። የልብ ጃክ።

«ቁጠር፣» አሉኝ።

«ሁለት፣» አልኩና ስቴኪኒዬን መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት።