ታድግበታለች

ዋሽንግተን አካባቢ የባሌት ጫማ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እግር እየለካሁ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ብዙ እግር አይቻለሁ፤ የዚያች የ12 ዓመት ልጅ እግር ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከአያቷ ጋር ነው የመጣችው። አስተማሪዋ ፖይንት፣ ማለትም በጣት ጫፍ ቆሞ መጨፈር፣ እንድትጀምር ፈቅዳላታለች። ካልሲዋን ስታወልቅ ሁለተኛ ጣቷ ከአውራ ጣቷ በደንብ ይረዝማል። እኩል የሆኑ ጣቶች ክብደቱን ይካፈሉታል፤ እንዲህ ያለ እግር ላይ ግን አንዱ ቀጭን ጣት ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ጠበብ ያለ ሮዝ ጫማ አወጣሁላት።

ልጅቷ ግን ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ካለው ቡናማ ጫማ አልነቀል አለ። አልፈርድባትም። ጥቁር ባሌተኞች ስንት ዘመን ሮዙን ጫማ ከቆዳቸው ጋር እንዲመሳሰል የፊት ሜካፕ እየቀቡ ሲጨፍሩ ኖረው፣ የለንደኑ ጫማ ሠሪ ፍሪድ ባሌት ብላክ ከሚባለው የባሌት ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በእጃችን የነበረው ቡናማ ግን በግማሽ ቁጥር የሚበልጥና ሰፊ ነበር።

«እሱን ስጫት እንጂ የኔ ልጅ፤ ታድግበታለች» አሉ አያቷ።

«እማማ፣ ይሄ ጫማ ልክክ ማለት አለበት። ከሰፋ ይጎዳታል።»

«ጠባብ ነው እንጂ ሰፊ ጫማ ማንን ጎድቶ ያውቃል? ላንቺስ ስታድጊ ሰፋ ተደርጎ አልተገዛልሽም?»

ተገዝቶልኛል። የእንቁጣጣሽ ጫማዬን ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ ነበር የማደርገው። ልጅቷን «ያምሻል?» አልኳት። «አያመኝም» አለች፣ ጫማውን እያየች። ቡናማውን ሸጥኩላቸው።

ጫፉ ላይ፣ ከሚያብረቀርቀው የውጭ ጨርቅ ከሳቲኑ ሥር ያለው ሙጫ የጠጣ ጨርቅና ወረቀት ተደራርቦ የደረቀ ነው። ልጅቷ በጣቷ ጫፍ ስትቆም ይህ ደረቅ ክፍል እግሯን ግራና ቀኝ አቅፎ ወደ ላይ መያዝ አለበት። ከሰፋ እግሩ ቁልቁል ይንሸራተትና የሰውነቷ ክብደት በሙሉ ጣቷ ጫፍ ላይ ያርፋል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ለትልቅ ሰው «አይሆንም» ማለት ነው ያቃተኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። የሁለተኛ ጣቷ ጥፍር ጠቁሯል። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ቆዳ ተልጦ ካልሲው ተጣብቆበት ነበር፤ በውኃ እያራስኩ ነው ያላቀቅኩት። አንድም ጊዜ ድምፅ አላሰማችም። ጫማው ውስጥ ጥጥ አገኘሁ። አስተማሪዋ «ከሰፋሽ ጥጥ ጨምሪበት» ብላታለች። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጥጥ ክፍተቱን ይሸፍናል እንጂ እግር አይይዝም፤ ልጅቷን በማግስቱ ወደ እኔ መመለስ ነበረባት።

ቁስሏ ሳይድን ሌላ ጫማ አልለካም ብዬ ሸኘኋቸው። ድና ስትመጣ አውራ ጣቷ ላይ ለስላሳ የጄል ቆብ አጥልቄ ርዝመቱን ከሁለተኛው ጋር አስተካከልኩና ያንኑ ጠባብ ጫማ አደረግኩላት። የመደገፊያውን ብረት ይዛ በጣቷ ጫፍ ተነሣች። የአያቷን እጅ ይዤ ተረከዟ ላይ ያለውን ሳቲን እንዲቆነጥጡት አደረግኩ፤ በሁለት ጣት በጭንቅ የምትያዝ ጨርቅ ናት። ቀጥዬ ቡናማውን አድርጋ ለአንድ አፍታ እንድትነሣ አደረግኳት። እግሯ ወደ ታች ሲሰምጥ ተረከዙ ላይ የተረፈው ጨርቅ የአያቷን እጅ ሞላ።

ጨርቁን ሳይለቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ቀን እንዲህ አድርገሽ ብታሳዪኝ ኖሮ እንቢ እል ነበር?»