የወደቀ ላባ

ዛሬ ከሐረር ወደ ድሬ ስንወርድ ሐረማያ ላይ ቆም አልን። ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውሃ ተመልሶለት፣ ወፍ በወፍ ሆኖ ሳየው ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዳሩ ላይ ትልቅ የክንፍ ላባ ወድቆ አገኘሁ፣ የዝይ ሳይሆን አይቀርም።

ሰው ዝም ብሎ ይረግጠዋል እኮ! ግን የወፉ ቆዳ ውስጥ ተተክሎ በነበረው ነጭ ጫፉ ላይ ዲኤንኤ፣ ማለትም የወፉን የዘር መረጃ የያዘው ነገር፣ አለ። ከዚያ ከፍ ብላ ባለችው ትንሽዬ ቀዳዳ የደረቀ ደም ከተገኘማ የበለጠ ጥሩ ነው። ወፉ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከየትኛው መንጋ ጋር እንደሚዛመድ፣ ላባዎቹ የአንድ ወፍ ይሁኑ የብዙ፣ ሁሉም ከዚህ ይታወቃል። ማጥመድ የለ፣ መርፌ የለ፣ ማስደንገጥ የለ። ዝይ ደግሞ የክንፍ ላባዋን በአንድ ጊዜ ነው የምትጥለው፤ አዲሱ እስኪያድግ ለሳምንታት መብረር ስለማትችል ውሃ ዳር ትሰነብታለች፣ ላባውም እዚያው ይጠራቀማል።

እነባሌ ደጋ ላይ ያለው፣ የኛው ብቻ የሆነው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው። እሱ በዚህ መንገድ በደንብ ቢጠናልን እንዴት ደስ ባለኝ። ባዮሎጂ የምትማሩ ልጆች፣ እስቲ አስቡበት። ላባ ስታነሱ ደግሞ በወረቀት ፖስታ አድርጉት፤ ፌስታል እርጥበት ይይዝና ዲኤንኤው ይበላሻል።